የደም ምስክርነትና የልብ ደም ሥር ሕመም

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረች ጊዜ፤ በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞች ሐኪም ይዘው ነበር። ኋላም በንጉሥ ምኒልክ ዘመን የኢጣልያ የመልክዐ ምድር ማኅበር በከተማይቱ አጠገብ በልጥ ማረፊያ ባቆመው ጣቢያ ትራቬርሲ የሚባል ሐኪም ተቀምጦ ነበር። በእነዚህ ሰዎች ዘመን ሐኪም የደም ሥርን ትርታ ይዳስስ፤ የበሽተኛውንም ፊት ይመለከት ነበር።

ዛሬ ግን ደም ራሱ ምስክር ሆኖ ይጠየቃል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1930 ቲሌትና ፍራንሲስ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በኒውዮርክ በሮክፌለር ተቋም የሳንባ ምች የያዛቸውን ሰዎች ደም ሲመረምሩ፤ በሕመሙ ጊዜ የሚገኝ፤ በሽተኛው ሲድን ግን የሚጠፋ አንድ ነገር አገኙ። ይኸውም ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለው ነው። የሚሠራው በጉበት ሲሆን፤ በአካል ውስጥ ብግነት ሲነሣ፤ ማለት ሥጋ ቍስልን ወይም የበሽታ ዘርን ለመቋቋም ሲግልና ሲያብጥ፤ መጠኑ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጅግ ይጨምራል።

ይህ ነገር ከልብ ጋራ ምን ያገናኘዋል ቢባል መልሱ እንዲህ ነው። ልብን የሚመግቡት ደም ሥሮች በስብ ይደፈናሉ እየተባለ ብዙ ዘመን ሲነገር ቈይቷል። ነገሩ ግን ቦይ በደለል እንደሚደፈን ያለ ብቻ አይደለም። በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ የገባው ስብ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራል፤ እነርሱም ስቡን እየዋጡ በዚያው ይከማቻሉ፤ ግድግዳውም ይበግናል። የበገነው ስፍራ ድንገት ሲቀደድ ደም በላዩ ይረጋል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ የልብም ሥጋ መሞት ይጀምራል። በ1997 ሪድከርና ባልንጀሮቹ ከጤነኞች የአሜሪካ ሐኪሞች ቀድሞ ተወስዶ የተቀመጠውን ደም መርምረው፤ ይህ ፕሮቲን ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ሰዎች ከዓመታት በኋላ በድንገተኛ የልብ ሕመም መያዛቸው የበዛ መሆኑን ገለጡ። በ2017 ደግሞ ከ10,000 በሚበልጡ በሽተኞች ላይ ኮሌስትሮልን ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚያበርድ ካናኪኑማብ የተባለ መድኃኒት ተፈትኖ፤ የሚመላለሰውን አደጋ ከመቶ 15 እጅ ያህል ቀነሰው። ነገር ግን በተላላፊ በሽታ የሚሞቱት ሰዎች በዙ፤ ስለዚህ ጥቅሙ ያለ ዕዳ አልተገኘም።

ክርክሩ የሚጸናው የሕመሙን ክብደት በደም ለመለካት በተፈለገ ጊዜ ነው። የደም ሥሩን ጥበት በርግጥ የሚያሳየው፤ በክንድ ወይም በጭን ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ቀለም እየረጩ በኤክስ ሬይ መመልከት ነው። ብዙ መርማሪዎች የዚህን ፕሮቲንና የነጭ ደም ሕዋሳትን ቍጥር ከጥበቱ መጠን ጋራ አስተያይተዋል፤ አንዳንዶቹ ዝምድና አገኙ፤ ሌሎቹ አላገኙም። ይህ መለያየት ሊያስደንቅ አይገባም። አሮጌና እንደ ድንጋይ የደረቀ ጥበት ጸጥ ብሎ ሊኖር ይችላል፤ በሌላው ሰው ዘንድ ደግሞ መንገዱን እኩሌታ እንኳ ያልያዘ ትንሽ እብጠት በብግነት ተቀዶ ይገድላል። ከአንኮበር ተራራ ላይ ሆኖ በቈላው የሚወጣውን ጭስ የሚያይ ሰው እሳት መኖሩን ያውቃል፤ የማን ቤት እንደሚነድ ግን አያውቅም።

ይልቁንም ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደብረ ብርሃን ብርድ፤ ሳል ይዞት ወይም ጥርሱ መግሎ የመጣ ሰው ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ቢገኝ ስለ ልቡ የሚመሰክር ነገር የለም። በአንድ ሊትር ደም ከ1 ሚሊግራም በታች ዝቅተኛ፤ ከ3 በላይ ከፍተኛ ይባላል፤ ከ10 ቢያልፍ ግን ሌላ በሽታ ተፈልጎ፤ ምርመራው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። በአገራችን ብዙ ሕፃናትን የሚጐዳው የቍርጥማት ትኵሳትም ይህንኑ ፕሮቲን ከፍ ያደርገዋል።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢ የተሰየመው በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ነው። እኚህ የታወቁ የቀዶ ጥገና ሐኪም በግንቦት 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ያረፉት በልብ ሕመም ነበር። በስማቸው በሚጠራው ግቢ የሚማሩ ወጣቶች ደምን ከመጠየቃቸው በፊት በሽተኛውን መጠየቅ ይገባቸዋል። ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚያስጨንቀው፤ ሲያርፍ የሚተወው ሕመም ከብዙ ቍጥር ይልቅ ይናገራል። በጀት የሚመድቡ ሹማምንትም ውድ የሆነውን የደም ምርመራ ከማስፋፋት አስቀድመው በየጤና ጣቢያው የደም ግፊት መለኪያንና የልብን ኤሌክትሪክ የሚጽፈውን መሣሪያ ቢያሟሉ ይሻላል፤ ደረቱን አሞት የመጣ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ በዚህ መሣሪያ መታየት አለበትና። ብዙ ሰው የልብን ሕመም የጨጓራ ነው ብሎ በቤቱ ይተኛል። ይህንን ቀድሞ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ የንስሐ አባቱ ነው፤ እንግዲህ ካህኑ ላብ አጥምቆት ደረቱን የያዘውን ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቢልከው፤ የደም ግፊትም መድኃኒት የሚውጠውን በጾም ምክንያት እንዳያቋርጥ ቢመክረው፤ ላቦራቶሪ ሊያደርገው የማይችለውን ሥራ ይሠራል። የተዘጋ ደም ሥር ጊዜ አይሰጥም፤ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ።