የዕፅዋት ውህዶችና በካይ ኬሚካሎች በሰብል እድገት ላይ

ዕፅዋት ከሥራቸው፣ ከቅጠላቸውና ከሚበሰብስ አካላቸው ወደ አካባቢያቸው የሚለቋቸው ተፈጥሯዊ ውህዶች የጎረቤታቸውን ወይም ከእነርሱ በኋላ የሚበቅለውን ተክል እድገት ሊያነሳሱ ወይም ሊገቱ ይችላሉ። አንዱ ተክል በሌላው ላይ በኬሚካል አማካይነት የሚያሳድረው ይህ ተጽዕኖ አሌሎፓቲ ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጣው የዕፅዋት ተመራማሪው ሃንስ ሞሊሽ ነው። ፀረ አረምና ሌሎች በካይ ኬሚካሎች ደግሞ በሰው እጅ ወደ ማሳ የሚገቡ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ተክሉን የሚጎዱት ተክሉ ራሱ እድገቱን በሚመራባቸው ሆርሞኖችና በሚኖርባቸው ሂደቶች ውስጥ ገብተው ነው።

ሁለቱ በአንድ ማሳ ላይ ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። ከመተማ አንስቶ የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ እስከሆነችው ገለጉ ድረስ፣ በሱዳን ድንበር በተዘረጋው ሞቃት ዋልካ መሬት ላይ በሰፊው የሚዘሩት ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ ናቸው። ማሽላ የሣር ወገን ሲሆን ሰሊጥና ጥጥ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ሰብሎች ናቸው። አንድ ኬሚካል በማሳው ላይ ምን እንደሚያደርግ በአብዛኛው የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

አቀንጭራ እና የማሽላ ሥር ምልክት

አቀንጭራ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ በማሽላ፣ በበቆሎና በዳጉሳ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ አረም ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል። ዘሩ ከአቧራ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በውስጡ ያለው ስንቅ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚበቃ ከማሽላ ሥር ርቆ ቢበቅል ይሞታል። በዚህ ምክንያት ዝናብ ስለመጣ ብቻ አይበቅልም፤ ከአጠገቡ ሕይወት ያለው ሥር መኖሩን የሚነግረው የኬሚካል ምልክት ይጠብቃል።

ምልክቱ ስትሪጎላክቶን የተባለ የውህዶች ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያው አባል፣ ስትሪጎል፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ተለይቶ ታወቀ። የሚገርመው የተገኘው ከማሽላ ሥር ሳይሆን አቀንጭራ ጨርሶ ሊጠጋው ከማይችል ከጥጥ ሥር ነው። ውህዱ ለዘሩ የሚበቃው እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን፣ ከውሃው ክብደት ከቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ በማይሞላ ልክ ነው።

ማሽላ ጠላቱን የሚጠራ ውህድ ለምን ይለቃል የሚለው ጥያቄ ለአሥርት ዓመታት መልስ አላገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ውህዱ በሥር ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ፈንገሶችን እንደሚጠራ አሳዩ። ፈንገሶቹ ከአፈር ፎስፈረስ ለቅመው ለተክሉ ያቀብላሉ፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጣቸዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ይኸው ውህድ በተክሉ ውስጥ የቅርንጫፎችን ብዛት የሚቆጣጠር ሆርሞን መሆኑ ታወቀ። አቀንጭራ እንግዲህ ለሌላ የተላከን መልእክት አድምጦ የሚመጣ ነው። ፎስፈረስ በጎደለበት መሬት ላይ ተክሉ ፈንገስ ፍለጋ ብዙ ስትሪጎላክቶን ስለሚለቅ አረሙም በደከመ መሬት ላይ ይበረታል። ፍግና ማዳበሪያ ባገኘ ማሳ ላይ የሚቀንስበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

የበቀለው አቀንጭራ ወደ ማሽላው ሥር ገብቶ ውሃና ምግብ ይስባል። ጉዳቱ ግን ከተወሰደው ውሃና ምግብ በላይ ነው። በተያዘው ማሽላ ውስጥ የሆርሞኖች ሚዛን ይዛባል፤ አገዳው ይቀጭጫል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ እንደ ተጠማ ይጠወልጋል። አረሙ ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት ለሳምንታት ከሥር ስለሚቆይ አበባው ሲታይ ነቅሎ መጣል ዘር እንዳያፈራ ይረዳል እንጂ የዚያን ዓመት ምርት እምብዛም አያድንም።

ሰሊጥና ጥጥ እንደ ወጥመድ

የሰሊጥና የጥጥ ሥር የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሶ ያበቅላል፤ ነገር ግን አቀንጭራ ሊጣበቅባቸው አይችልም። ዘሩ በቅሎ የሚጠባው አጥቶ ይሞታል። እንዲህ ያለ ሰብል የወጥመድ ሰብል ይባላል። በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥና ጥጥን ከማሽላ ጋር እያፈራረቁ መዝራት ገንዘብ ከማስገኘቱ ባሻገር በአፈር ውስጥ የተከማቸውን የአቀንጭራ ዘር ይቀንሳል። ክምችቱ ብዙ ስለሆነ አንድ ክረምት ብቻውን ማሳውን አያጸዳም። ማሽላ በማሽላ ላይ ለዓመታት ሲደጋገም ደግሞ ክምችቱ ያድጋል።

ሁለተኛው መንገድ ምልክቱን ከማሽላው ላይ መቀነስ ነው። በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ የተወለዱትና በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከሥራቸው የተገኙት ጎቢዬ፣ አብሽር እና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች በኢትዮጵያ ለገበሬዎች ቀርበዋል። በእንዲህ ያሉ ማሽላዎች ውስጥ ያለውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታወቀው የዘረመል ለውጥ ሥሩ ስትሪጎላክቶን መልቀቁን አያቆምም። የሚለቀቀውን ዓይነት አቀንጭራን በደንብ ወደማይቀሰቅስ ሌላ ዓይነት ይለውጠዋል።

ከመንገድ መብራት የወጣው ጋዝ

በተፈጥሮ ውህድና በበካይ መካከል ያለው መስመር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ኤትሊን ጥሩ ምሳሌ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ከተሞች ከመብራት ጋዝ ቧንቧዎች የሚያፈተልክ ጋዝ በመንገድ ዳር ያሉ ዛፎችን ቅጠል ያራግፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ በቤተ ሙከራው ያበቀላቸው የአተር ቡቃያዎች ወደ ጎን እየተጣመሙ ሲያስቸግሩት ምክንያቱን ፈልጎ በጋዙ ውስጥ ያለው ኤትሊን መሆኑን ደረሰበት። በኋላ ላይ ዕፅዋት ኤትሊንን ራሳቸው እንደሚሠሩና ለፍሬ መብሰልና ለቅጠል መርገፍ እንደሚጠቀሙበት ታወቀ። ዛፎቹን የጎዳው ባዕድ መርዝ ሳይሆን ያለ ጊዜውና ያለ ልኩ የመጣ የራሳቸው ሆርሞን ነበር ማለት ነው።

ይኸው ጋዝ የአቀንጭራንም ዘር ያነቃል። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ካሮላይና ግዛቶች የአቀንጭራ ዘመድ የሆነ አረም ሲገኝ ኤትሊንን በማሽን ወደ አፈር እየከተቱ ዘሩ ያለ ሰብል እንዲበቅልና እንዲሞት አድርገዋል። የተወረረው መሬትም በአብዛኛው ጸድቷል። ማሽኑና ወጪው ለአነስተኛ ገበሬ የሚቀመስ አይደለም፤ በቆላው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ሰሊጥና ጥጥ ናቸው።

ማሽላ የሚሠራው ፀረ አረም

ማሽላ በሥር ጸጉሮቹ ጫፍ ላይ ሶርጎሊዮን የተባለ ቅባታማ ውህድ ያንጠባጥባል። ሶርጎሊዮን የጎረቤት ቡቃያዎችን የፎቶሲንተሲስ ሂደት ያግዳል፤ የሚያግድበትም ቦታ አትራዚን የተባለው ፋብሪካ ሠራሽ ፀረ አረም ከሚያግድበት ጋር አንድ ነው። የማሽላ ተረፈ ምርት በበዛበት ማሳ ላይ ደቃቅ ዘር ያላቸው አረሞችና ሰብሎች አበቃቀላቸው የሚዳከምበት አንዱ ምክንያት ከሥርና ከገለባ የሚወጡ እንዲህ ያሉ ውህዶች ናቸው። ልዩነቱ የሚቆዩበት ጊዜ ነው፦ የማሽላ ውህዶች በአፈር ተሕዋስያን ቀስ በቀስ ይፈርሳሉ፤ አትራዚን ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። ማሽላ ራሱ አትራዚንን በሰውነቱ ውስጥ ስለሚያከሽፍ አይጎዳም። በዓመቱ በዚያው መሬት ላይ የሚዘራ ሰሊጥ ግን ይህ ችሎታ የለውም።

የፀረ አረም ርጭት

በቆላው አረም በክረምት ፈጥኖ ስለሚያድግና ለእጅ አረም ብዙ የቀን ሠራተኛ ስለሚያስፈልግ ኬሚካል ተመራጭ ይሆናል። ገበሬዎች ቱ ፎር ዲ የሚሉት ፀረ አረም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተሠራ ሲሆን ኦክሲን የተባለውን የእድገት ሆርሞን ያስመስላል። ተክሉ ተፈጥሯዊውን ኦክሲን ሥራው ሲያልቅ ያፈርሰዋል፤ አስመሳዩን ግን በቀላሉ ማፍረስ አይችልም። በዚህም ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ግንዱ ተጠማዝዞ፣ ቅጠሉ ተጨማዶ ይሞታል። ማሽላና ሌሎች የሣር ወገኖች በትክክለኛው ዕድሜና መጠን ሲረጭባቸው ይቋቋሙታል። ማሽላው ለማዘርዘር ሲቃረብ ወይም ሲያብብ ከተረጨ ግን ፍሬ ሊያሳጣው ይችላል።

ችግሩ ነፋስ ነው። ማሽላና ጥጥ ድንበር በሚጋሩበት ሜዳ ላይ የርጭቱ ብናኝ ወይም በሙቀት የሚተን ክፍል ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። ጥጥ ለዚህ ኬሚካል እጅግ ስሱ ከሆኑት ሰብሎች አንዱ ነው፤ ጥቂት ነክቶት እንኳ ቅጠሉ ጠቦና ረዝሞ እንደ እንቁራሪት እግር ይሆናል። ሰሊጥም እንዲሁ ይጎዳል። በደንብ ያልታጠበ የጀርባ መርጫ ከማሽላ ወደ ሰሊጥ ሲዛወር የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ አይለይም።

ግላይፎሴት ደግሞ ሣር ከሰፊ ቅጠል አይለይም፤ ተክሉ ለፕሮቲን መሥሪያ የሚያስፈልጉትን አንዳንድ አሚኖ አሲዶች የሚያዘጋጅበትን መስመር ይዘጋል። ከአፈር ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ብዙውን ጊዜ የሚረጨው ሰብሉ ከመዘራቱ በፊት ነው። በኢትዮጵያ የፀረ ተባይና የፀረ አረም ኬሚካሎች ምዝገባና ቁጥጥር በአዋጅ የሚመራ ሲሆን ያልተመዘገበ ምርት ማስገባትና መሸጥ የተከለከለ ነው።

በማሳ ላይ ቅሪት መኖሩን ለማወቅ ቤተ ሙከራ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ከተጠረጠረው ማሳና ኬሚካል ካልነካው መሬት በተለያየ ዕቃ አፈር ወስዶ፣ በሁለቱም ሰሊጥ ወይም ቦሎቄ ዘርቶ፣ እኩል እያጠጡ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ማነጻጸር ይቻላል። ቡቃያው በደንብ ወጥቶ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጠርዛቸው መቢጨትና መድረቅ ከጀመሩ የአትራዚን ዓይነት ቅሪት ይጠረጠራል። ግንዱ ከተጠማዘዘና ቅጠሉ ከተጨማደደ ደግሞ የቱ ፎር ዲ ዓይነት ነው። ግላይፎሴት በአፈር ስለሚታሰር በዚህ መንገድ አይታይም።