የአንድ ሽጉጥ ሁለት ዋጋ

በአሜሪካ ኢላማ ተኳሾች ዘንድ ዘወትር ክርክር የሚያስነሣው፣ ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የአገሩ ጦር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. የተቀበለው ሽጉጥ ነው። የፈጠራ መብቱ ዘመን ካለፈ ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩታል። የፊሊፒንሱ ሮክ አይላንድ 500 ዶላር ገደማ ሲሸጥ፣ የአርካንሳሱ ዊልሰን ኮምባት ከ3000 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ጥይታቸው ግን አንድ ነው!

ልዩነቱ ከወዴት መጣ ቢሉ፣ በውዱ ሽጉጥ አረሩ የሚያልፍበት ቱቦና ተንሸራታቹ ክፍል በባለሙያ እጅ እየተሞረዱ ስለሚገጠሙ ነው። ገዢው በአብዛኛው የሚከፍለው የሠራተኛውን ሰዓት ነው። ጀማሪ ተኳሽ ይህን ጥራት በኢላማው ላይ አያየውም፤ ከመሣሪያው ይልቅ እጁ ይስታልና። እንዲህ ላለው ሰው ርካሹን ሸጦ የተረፈውን ገንዘብ ለጥይት እንዲያውለው የሚመክር ነጋዴ፣ በእኛ አስተያየት፣ ደንበኛውን አያጣም። ውዱን በልዩ ትእዛዝ የሚያሠራ ግን ለወራት መጠበቅ እንዳለበት ቀብዱን ሳይከፍል ሊነገረው ይገባል።