«ጨረር የለውም» የተባለለት የአጥንት መለኪያ ምን ይሸጣል?

ጫማ አውልቆ እግርን አነስተኛ ሳጥን መሰል መሣሪያ ውስጥ ማስገባት፣ ተረከዝን በግራና በቀኝ ጄል መቀባት፣ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ፤ ከዚያም የአጥንትን ጥንካሬ የሚናገር ቁጥር የሰፈረበት ወረቀት መቀበል። በአልትራሳውንድ የሚደረገው የአጥንት ምርመራ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ሻጮች ስለ መሣሪያው በቅድሚያ የሚናገሩት ጨረር የሌለው መሆኑን ነው። አባባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ገዢ ኪሱን የሚፈታበት ዋነኛ ምክንያት ይህ ሊሆን አይገባም።

የአልትራሳውንዱ ተወዳዳሪ ዴክሳ የሚባለው በኤክስሬይ የሚሠራ መለኪያ ነው። በአንድ የዴክሳ ምርመራ ተመርማሪው የሚያገኘው ጨረር፣ ማንኛውም ሰው ከአፈርና ከሰማይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር አይበልጥም። ስለዚህ ጨረር ፈርቶ ከዴክሳ የሚሸሽ ሰው ይህን ያህል የሚያተርፈው ነገር የለም። (የነፍሰ ጡር ጉዳይ ሌላ ነው፤ ለእርሷ ኤክስሬይ አይመከርም።)

የአልትራሳውንዱ እውነተኛ ብልጫ በዋጋውና በክብደቱ ላይ ነው። ዴክሳ ተመርማሪው የሚተኛበት ጠረጴዛ ያለው፣ የራሱን ክፍል የሚይዝና በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። የጨረራ መሣሪያ በመሆኑም ፈቃድና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። የተረከዙ መለኪያ ግን እጅግ በረከሰ ዋጋ ተገዝቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ከከተማ ርቆ ካለ ክሊኒክ ይደርሳል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የሰው ጆሮ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ሲሰማ፣ መሣሪያዎቹ የሚጠቀሙት በአብዛኛው ከ200 እስከ 600 ኪሎኸርዝ የሚደርሰውን ነው። በተረከዙ በአንዱ ወገን ያለው ላኪ ድምፁን ይለቃል፤ በሌላው ወገን ያለው ተቀባይ ይይዘዋል። የሚለኩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ድምፁ ምን ያህል ፈጥኖ እንዳለፈና ምን ያህል እንደተዳከመ። ብዙ ሰው ድምፁ ይበልጥ የሚዳከመው በተጎዳ አጥንት ውስጥ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጤናማ አጥንት ድምፁን ቢያፈጥነውም ጉልበቱን ይበላዋል፤ የሳሳ አጥንት ግን በቀላሉ ያሳልፈዋል። ተረከዝ የተመረጠው ለቆዳ ቅርብ በመሆኑና ውስጡ እንደ ስፖንጅ በመሆኑ ነው፤ መሳሳት ፈጥኖ የሚያጠቃው እንዲህ ያለውን አጥንት ነውና።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቁት እንግሊዛዊው ተመራማሪ ክርስቲያን ላንግተንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ገበያውን ያሞቀው ግን መድኃኒት ነው። መርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፎሳማክስ የተሰኘውን የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ለመሸጥ በ1995 ፈቃድ አገኘ፤ በዚያው ዓመት የአጥንት ልኬትን የሚያስፋፋ ኢንስቲትዩትም አቋቋመ። አጥንቱ ያልተለካ ሰው ኪኒን አይገዛም፤ ንግድ ነው። በ1998 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የሆሎጂክን «ሳሃራ» እና የሉናርን «አኪለስ» የተረከዝ መለኪያዎች ፈቀደ። በዚያው ዓመት ከሐምሌ ጀምሮ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን የአጥንት ልኬትን ወጪ በሰፊው መሸፈን ያዘ። በ2000 ጀነራል ኤሌክትሪክ ሉናርን ጠቅልሎ ገዛው።

መሣሪያው የሚናገረው ቁጥር ፋይዳ ቢስ አይደለም። በእንግሊዝ ኖርፎክ ወደ 15 ሺህ በሚጠጉ ወንዶችና ሴቶች ላይ ተካሂዶ በ2004 የታተመ ጥናት፣ የተረከዝ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ሰዎች አጥንታቸው የመሰበር ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ችግሩ ወረቀቱ ሲነበብ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1994 ያወጣው መመዘኛ፣ ማለትም ከወጣት ጤነኛ አማካይ በ2.5 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ማለት፣ ዛሬ የሚሠራበት በዳሌና በወገብ የዴክሳ ውጤት ላይ ነው። ይህንኑ ቁጥር በተረከዝ ወረቀት ላይ መፈለግ በሜትር የተለካ ጨርቅ በክንድ ዋጋ እንደ መሸጥ ነው። የአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ ውጤት ከሌላው ጋር አይወዳደርም። የቀዘቀዘ ወይም ያበጠ እግርም ቁጥሩን ያዛባዋል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ለውጡን በዚህ ሊከታተል አይችልም።

ከሁሉ የሚያስፈራው «ደህና ነው» የሚለው ወረቀት ነው። በቁመቷ ልክ ወድቃ የእጅ አንጓዋ የተሰበረ የ65 ዓመት እናት፣ ተረከዟ ደህና ቁጥር ቢያሳይም አጥንቷ ሊያሠጋት ይገባል፤ ዕድሜዋና ስብራቷ ከወረቀቱ ይልቅ ይናገራሉና። መሣሪያውን ለመግዛት ያሰበ የክሊኒክ ባለቤትም አስቀድሞ ማሰብ ያለበት፣ ውጤቷ ዝቅ ያለባትን ደንበኛ ለተጨማሪ ምርመራ ወዴት እንደሚልካት ነው። የሚልክበት ከሌለው የሚሸጥላት ፍርሃት ብቻ ይሆናል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ዕቃ ወደ ገበያው ገብቷል። ኤኮላይት የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በአልትራሳውንድ ወገብንና ዳሌን ራሳቸውን የሚመረምር መሣሪያ ሠርቶ በ2018 የአሜሪካን ፈቃድ አግኝቷል። ይህኛውም የሚሸጠው «ጨረር የለውም» እየተባለ ነው። ስለዚህ ገዢም ሆነ ተመርማሪ ይህን ቃል ሲሰማ፣ የተረከዙ ይሁን የወገቡ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጃል፤ ሥራቸውም ዋጋቸውም ለየቅል ነው።