ጥይቱ ብረት ላይ ካረፈ በኋላ

ዜና ስንጽፍ «ዒላማውን መታ» የምትለዋን አባባል ሳንቆጥብ እንጠቀምባታለን። ዛሬ ግን የማወራችሁ በጥይት ስለሚመታው ስለ እውነተኛው የብረት ዒላማ ነው። ከመካከላችን አንዱ የተኩስ ውድድር ወይም ልምምድ እንዲዘግብ መላኩ አይቀርምና።

ብረት የሚመረጠው ስለሚጮህ ነው። ሲመታ «ቃ!» ይላል፤ እንደ ወረቀቱ ሄዶ ቀዳዳ መቁጠር የለም። ጣጣው ሌላ ነው። ጥይት ወረቀትን በስቶ ያልፋል፣ ጠንካራ ብረት ላይ ግን ይፈረካከሳል። የብረቱ ገጽ ልሙጥ ከሆነ ፍንጣሪው ብረቱን ተከትሎ ወደ ጎን ይረጫል። ከተጎደጎደ ግን ጉድጓዱ ፍንጣሪውን ወደ ተኳሹ ይመልሰዋል። ዓይን የሚጠፋው እንዲህ ነው!

ስለዚህ የተገኘ ላሜራ ሁሉ ዒላማ አይሆንም። በብሪኔል መለኪያ ተራ ብረት ከ150 ብዙም አያልፍም፤ ለዒላማ የሚፈለገው ኤአር500 የተባለው ግን 500 ገደማ ነው። እኛ ኖፓ ያደግን ልጆች ነገሩን ከቀጥቃጭ ቤት እናውቀዋለን፦ የጋለ ባሌስትራ ውሃ ሲነከር ይጠነክራል፣ እንደገና ግሎ ቀስ ብሎ ሲበርድ ይለሰልሳል። ኤአር500ም በጋዝ ሲቆረጥ ወይም ሲበየድ እሳቱ የነካው ቦታ ጥንካሬውን ያጣል። የተቦረቦረውን «በብየዳ እንሙላው» ማለት የማያዋጣውም ለዚህ ነው፤ ይጣላል እንጂ። (ባሌስትራውስ? ጎባጣ ስለሆነ ፍንጣሪውን ወዴት እንደሚወረውር አይታወቅም።)

ዒላማው በሰንሰለት ይንጠለጠላል፤ ፍንጣሪው መሬት እንዲገባ አናቱ ወደ ተኳሹ ትንሽ ያዘነብላል። ጠመንጃ ከ100 ሜትር፣ ሽጉጥ ከ10 ሜትር ባላነሰ ርቀት ይተኮሳል። የክላሽ ጥይት በተለይ መታየት አለበት፤ ብዙው ውስጡ ብረት አለው። ማግኔት ከሳበው ብረት ዒላማ ላይ ባይተኮስ ይሻላል። መሣሪያው ራሱ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑ ሳይረሳ ማለት ነው።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ከተኩስ በፊት ገጹን በእጅ ዳብሶ ጉድጓድና ስንጥቅ መፈለግ፣ ከጎበጠ መገልበጥ፣ ምቱ እንዲታይ ቀለም መቀባት። ትንሽ ዝገት አይጎዳውም።

ለፎቶ አንሺዎቻችን ደግሞ፦ ብረቱን በቅርበት ከጎኑ ማንሳት ያምራል፣ ፍንጣሪው የሚረጨው ግን በዚያው በኩል ነው። ከተኳሾቹ መስመር ኋላ ሁኑ፣ መነጽርም አድርጉ። ለመቅረቡ ሌንሱ አለላችሁ።