የአባት ቮልስ፣ የሚስት ጭንቀት
«ባሌ ከአባቱ በወረሳት ቮልስ እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ይሽቀዳደማል፤ ልቤ ሊቆም ነው» ያለችኝ የሞጆዋ ወይዘሮ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሽቅድድሙ የት መሰላችሁ? ወደ ናዝሬት በሚወስደው አሮጌው መንገድ ላይ! «ፈጣኑ መንገድ ስላለ ይሄኛው ባዶ ነው» ይላታል አሉ። ባዶ? ወደ ደረቅ ወደቡ የሚጎርፈው ከባድ መኪና፣ ባጃጁ፣ የአህያ ጋሪው የት ሄዶ!

እኔም ቮልስ እወዳለሁ። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዛትም አየር እንጂ ውሃ አይደለም። ግን የድሮዋ ቮልስ በፍጥነት ላይ እያለች ፍሬን ደጋግመው ሲረግጡባት ሸራው ይግልና መያዝ ይለግማል። ያኔ ጋሪው ፊት ለፊት ቢመጣስ?

በአሜሪካ ፒትስበርግ በ1983 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የአሮጌ መኪኖች ውድድር የመናፈሻው መንገድ ለሌላ መኪና ይዘጋል፣ ሾፌሩ ሄልሜት ያጠልቃል፣ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ይውላል። ወግ ያለው ሽቅድድም እንዲህ ነው።

እህቴ፣ «ሽጣት» አትበይው፣ የአባቱ ማስታወሻ ናት። እሁድ ጠዋት ቀድመሽ ከጎኑ ግቢና «ቀስ ብለህ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቡና ጋብዘኝ» በይው። እምቢ ካለ ለአጎቱ ንገሪ። የጓደኞቹንም ሚስቶች አነጋግሪ፤ እነሱም እንዳንቺው እንቅልፍ አጥተው ይሆናል።