የኢንፍሉዌንዛ ክትባትና የሠራተኛው መብት፤ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን



ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥሎ ደጅን ማጠን ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችን አንጠይቅም። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ያለው ይህንኑ ነው። ዛሬ ኢንፍሉዌንዛን ከተራ ጉንፋን ጋር አንድ አድርገን «ያልፋል» ማለታችን ስሕተት ነው፤ በተለይ አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው ለሚያድሩ፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ለሚንከባከቡ።

ያን ጊዜ ያልነበረው ክትባት በዚህ አገር በየዓመቱ ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ ይሰጣል። በዱባይ እንደ አል ባርሻ ጤና ማዕከል ባሉ የመንግሥት ጣቢያዎች፣ በሻርጃና በአጅማን ደግሞ በኤምሬትስ የጤና አገልግሎት ማዕከላት ይገኛል። ነፍሰ ጡሮች፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የስኳር፣ የልብና የአስም ሕሙማን ቅድሚያ አላቸው። ሌሎቻችሁ ዋጋውንና ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍነው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቫይረሱ መልኩን ስለሚለውጥ የአምናው ክትባት ለዘንድሮ አይበቃም። መርፌው ጉንፋን ያስይዛል የሚባለው ግን እውነት አይደለም፤ ክንድ ሊያም፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ መከላከያው የሚጠነክረውም ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው።

በሥራዬ እንደማየው ሠራተኛዋን ከጤና ማዕከሉ የሚያስቀራት የመድኃኒት እጥረት አይደለም። ማዕከሉ የኤምሬትስ መታወቂያ ይጠይቃል፤ መታወቂያው ግን በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የ2022 (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 9 መታወቂያና ፓስፖርት በሠራተኛዋ እጅ እንዲቆዩ መብት ይሰጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን ከክፍያ ጋር ዕረፍትም ይፈቅዳል። ስለዚህ መታወቂያዬን ስጡኝ ማለት ድፍረት አይደለም። ሕጉ የሕክምና ወጪንም በአሠሪው ላይ ጥሏል። ዱባይ ውስጥ የጤና ኢንሹራንስ ቀድሞም ግዴታ ነበር፤ በሻርጃና በአጅማን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታደስ አሠሪው ሊገዛ ይገደዳል። ለኢንሹራንሱ ከደመወዛችሁ ከተቆረጠ ተገቢ አይደለም።

የታመመች የቤት ሠራተኛ በውል ዓመቱ እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አላት፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት በሙሉ ደመወዝ፣ ቀሪዎቹ ያለ ክፍያ። ለዚህ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ በቃል «ታምሜያለሁ» ማለት አይበቃም፤ በዚህ የተሸነፉ ጉዳዮች ጥቂት አይደሉም። በኩባንያ የምትሠሩ በሌላ ሕግ ስለምትተዳደሩ ቀኖቹም ይለያሉ።

አሠሪው መታወቂያ ቢከለክል ወይም ደመወዝ ቢቆርጥ፣ ከመጣላት በፊት ለሰው ሀብትና ኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴር በ600590000 ደውሉ፤ ለእኛም አሳውቁ። ከቤት ጠፍቶ መውጣት ግን የመጥፋት ክስ ሊያስከትል ይችላል። የክትባቱንም ሆነ የሐኪሙን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ።