ቅጥቅጥ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ሻንሲውን ይመልከት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በደብረ ማርቆስ፣ ሁለተኛው በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ያልፋል። በዚህ በሁለተኛው መስመርና ከእርሱ በሚገነጠሉት የገጠር መንገዶች ሰውንና ጤፉን ከሚያመላልሱት መኪኖች አንዱ “ቅጥቅጥ” የሚባለው አውቶቡስ ነው። ስሙ እንደሚነግረን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ አይደለም። በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ፣ አገር ቤት ባሉ ጋራዦች ላሜራ ተቀጥቅጦና ተበይዶ የተሠራ ነው።

ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ያገለገለ ቅጥቅጥ ለመግዛት የሚነሳ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን፣ ጎማውንና ቀለሙን ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ጎማም ይቀየራል። ትርፉን ቀስ በቀስ የሚበላው ግን በዓይን ቶሎ የማይታየው የሻንሲውና የቦዲው መጠማዘዝ ነው። መስታወት በየጊዜው ይሰነጠቃል፤ በር አልዘጋ ይላል፤ ጣሪያው በክረምት ያፈሳል፤ በመጨረሻም ሻንሲው ራሱ ይሰነጠቅና መኪናው ይቆማል። ተሳፋሪ ጭኖ በመንገድ ላይ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ የሚተመን አይሆንም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የጭነት መኪና ሻንሲ እንደ መሰላል ያለ ነው። ሁለት ረጃጅም ብረቶች ግራና ቀኝ ተዘርግተው በአግዳሚዎች ይያያዛሉ። ብረቶቹ አንድ ጎናቸው ክፍት ነው። ይህ ቅርጽ ከላይ የሚመጣውን ክብደት በደንብ ይሸከማል፤ መጠምዘዝን ግን እምብዛም አይቋቋምም። ይህ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ትንሽ ተጠማዞ ሁሉም ጎማዎች መሬት እንዲይዙ ታስቦ የተሠራ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በሚጠማዘዝ መሰላል ላይ ቤት ሲሠራ ነው። በብቸና አካባቢ ያለው ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተዘረጋ የገጠር መንገድም ለጥ ብሎ አይቆይም። አንዱ ጎማ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ባለ ቁጥር ሻንሲው ቦዲውን ይዞት ይጠማዘዛል። ቦዲው በርና መስኮት የተከፈተበት ሣጥን ስለሆነ ኃይሉ በበሩና በመስኮቱ ማዕዘኖች ላይ ይከማቻል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ነገሩን ቤት ውስጥ በወረቀት መሞከር ይቻላል። ወፍራም ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ጫፍና ጫፉን ይዞ ሲጠመዝዙት በቀላሉ ይዞራል። ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በማስቲሽ አጣብቀው ቢሞክሩት ግን እምቢ ይላል። በብረትም ያው ነው። 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ቱቦ በቁመቱ ቢሰነጠቅ፣ ብረቱ ሳይቀንስ፣ መጠምዘዝን የመቋቋም አቅሙ ከ400 ጊዜ በላይ ይወርዳል። ለቦዲ አጥንት ከአንጎላሬ ይልቅ ቱቦላሬ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ብሩስ ሜየርስ የተባለ ሰው ከቮልስ ዕቃዎች የባሕር ዳርቻ መኪና ሲሠራ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መኪኖች ያለ ሻንሲ፣ የፋይበርግላሱን ቦዲ ራሱን ተሸካሚ አድርጎ ነበር የሠራቸው። ይህ ውድ ስለሆነበት ቦዲውን ባጠረ የቮልስ ወለል ላይ ወደ መጫን ዞረ። ከዚህ የምንወስደው፣ ሸክሙን የሚይዘው ቦዲው ይሁን ሻንሲው አስቀድሞ መወሰን እንዳለበት ነው። ሳይወሰን የተሠራ ቅጥቅጥ ሁለቱም እየተጋፉ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ጥሩ ባለሙያ የሚከተላቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ የወለሉ አግዳሚ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ቋሚዎችና የጣሪያው ቅስት በአንድ መስመር ገጥመው የተዘጋ ቀለበት ይሠራሉ፤ ማዕዘኖቹም በሦስት ማዕዘን ላሜራ ይጠነክራሉ። ሁለተኛ፣ ከመስኮቱ በታች ባለው ግድግዳ ውስጥ ሰያፍ ብረት ይገባል። አናጢ በር ሲሠራ ሰያፍ ጣውላ የሚመታው አራት ማዕዘን ስለሚያዘነብል፣ ሦስት ማዕዘን ግን ስለማያዘነብል ነው። ሦስተኛ፣ ቦዲው በሻንሲው ላይ በቀጥታ አይበየድም፤ የብየዳ ሙቀት ብረቱን ያደክመዋል። የሻንሲው የላይና የታች ከንፈርም አይበሳም፤ ትልቁን ጫና የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። ማያያዣው በሻንሲው የጎን ግድግዳ ላይ በቡሎን ይታሰራል። ወደ ፊት ያሉት ማያያዣዎች ጎማ ወይም ሞላ ቢኖራቸው ሻንሲው ቦዲውን ሳይቀድ ይጠማዘዛል። አራተኛ፣ ሻንሲውን ለማጠንከር የሚጨመር ብረት በድንገት ካበቃ ሻንሲው በትክክል እዚያው ላይ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጫፉ ቀስ እያለ ይቀጥናል።

ይህ ሁሉ ቢሟላም ፖርቶ መጋላው ላይ 10 ኩንታል ጤፍ የጫነ ሰው አንድ ቶን ጣሪያው ላይ አስቀምጧል። ያንን የሚችል ብየዳ አይፈለግ።

ገዢው ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርገው የሚችለው ምርመራም አለ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ በሮቹን ከፍቶ ይዝጋ። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ 20 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ግንድ ላይ አስወጥቶ እንደገና ይሞክር። በሩ ከነከሰ ወይም መስታወቱ ከላስቲኩ ከሸሸ ቦዲው ደክሟል። ከሥር ገብቶ ባሌስትራው ሻንሲውን የሚይዝበትን ቦታ ይመልከት። በቡሎኑ ዙሪያ ቀይ የዝገት ብናኝ ካለ እዚያ እንቅስቃሴ አለ ማለት ነው። ሻንሲው ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ሻጩ ዋጋ ሲቀንስ ቅናሹን ከሻንሲ ጥገናና መኪናው ከሚቆምባቸው ቀናት ጋር ማስላት ነው። ለምርመራ የሚወሰደው መካኒክም ሻጩ የጠራው ሳይሆን ገዢው ራሱ የከፈለው ይሁን።